ደረጃ የሌለው ቤት

ቤት ለመግዛት ስንነሣ ሁለታችንም አርጅተን ነበር። እኔ ሰባ አምስትን አልፌያለሁ፤ ባለቤቴ በስድስት ወይም በሰባት ዓመት ታንሰኛለች። የተወለደችበትን ዓመት በትክክል የሚያውቁት እናቷ ብቻ ነበሩና ከእሳቸው ሞት በኋላ ጉዳዩ ሳይጣራ ቀርቷል። የማያጠራጥረው ጉልበቷ ነበር። ሐኪሙ የራጅ ፎቶውን ወደ መስኮቱ ብርሃን አንሥቶ፣ ሁለቱ አጥንቶች የሚፋጩበትን ቦታ በብዕሩ ጫፍ እያሳየ፣ «እናቴ፣ ከእንግዲህ ደረጃ ይፍሩ» አላት። ስለዚህ የምንገዛው ቤት አንድ ነገር ብቻ ማሟላት ነበረበት፤ እሷ የማንንም ክንድ ሳትይዝ የምትወጣበትና የምትገባበት እንዲሆን። ጥያቄው ይኸው ነበር። እኔ ግን የሥራ ዘመኔን በሙሉ ሕግና ውል ሳረቅቅ የኖርኩ ሰው ነኝና አንድን ጥያቄ አንድ አድርጎ መተው አይሆንልኝም።

እስከዚያ ድረስ የኖርነው ፈረንሳይ በሚባለው ሰፈር፣ የእንጦጦ ቁልቁለት አልቆ መሬቱ ሜዳ ለመሆን በሚያመነታበት ቦታ ነው። ግቢው የባለቤቴ ወላጆች ነበር። ወንድሞቿና እህቶቿ እንዲሸጥ ሲስማሙ እሷም ተስማማች፤ ድርሻዋንም በእኔ እጅ አኖረችው። ቤቱ የእሷ ነበር፤ ገንዘቡም የእሷ ነበር፤ ምርጫው እንዴት የእኔ ሊሆን እንደቻለ ግን ዛሬ መለስ ብዬ ብፈልገው አላገኘውም። በዚያ ግቢ ውስጥ ደረጃ ሊባል የሚችለው የበሩ ደፍ ብቻ ነበር። ከደፉ ወጥታ በግራ ስትታጠፍ አርባ ዓመት አጥር የተጋራናት ጎረቤታችን አለች፤ ባሏ የሞተባት፣ ሳቋ ከእኛ ሳሎን የሚሰማ ሴት። ሁለቱ ለቅሶ የሚደርሱት አብረው ነው፤ የሴቶች እድር የሚሄዱት አብረው ነው፤ መስከረም አንድ ቀን ለራጉኤል ንግሥ እንጦጦን የሚወጡትም አብረው ነው፤ ቀድሞ በእግር፣ ኋላ ጉልበት ሲከዳ በታክሲ።

ገዢው ክረምቱ እስኪወጣ ድረስ እንድንቆይ ፈቀደልን። እኔም አንድ ደብተር ገዛሁና አዲስ ቤት የሚገዛባቸውን መንገዶች በየገጹ ከፈልኳቸው።

አስቀድሞ የመጣው ማኅበር ነበር፤ ሰዎች ተደራጅተውና ቦታ ተመርተው በጋራ የሚያሠሩት። አንድ የቀድሞ የሥራ ባልደረባዬ ሊያስገባን ፈቃደኛ ሆነ። ባለቤቴ ሰምታ፣

«መሠረቱ ወጥቷል?» አለች።

ቦታው ራሱ ገና እንዳልተሰጠ ነገርኳት።

«እንግዲያው እሱ ቤት ለሚያረጅ ሰው ነው፤ ላረጀ ሰው አይደለም» ብላ ምስሯን መልቀም ቀጠለች። ገጹን ሰረዝኩት።

ቀጥሎ ያለቀለት ቤት ነበር፤ ቀለሙ የደረቀ፣ ውኃው የሚወርድ፣ ቁልፍ ተቀብለው በዚያው ቀን የሚገቡበት። ለልብ የሚመቸው መንገድ ይህ ነው። ነገር ግን አቅማችን የፈቀደው አንዲት ክፍል ብቻ ሆነ። ልጃችን ልታየው አብራን መጥታ ነበር። እጆቿን ግራና ቀኝ ዘርግታ ግድግዳ ከግድግዳ ለመንካት ጥቂት ሲቀራት ሣቀች።

«አባዬ፣ እዚህ ቤት ውስጥ ብትጣሉ አንዳችሁ ሽንት ቤት ነው የምትቀመጡት።»

«ተጣልተን አናውቅም» አልኳት።

«እማዬ ትናገር» አለች። እማዬ ግን አልተናገረችም።

ሦስተኛው ኮንዶሚኒየም ነበር፤ ዕጣ ከደረሰው ሰው ላይ መግዛት። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ከመገናኛ የየካ አባዶን ሚኒባስ ተሳፈርን። ረዳቱ ባለቤቴን ደግፎ ፊት ወንበር ላይ አስቀመጣት። ኮተቤን ካለፍን በኋላ መንገዱ አላልቅ አለኝ፤ ሰዓቴን ደጋግሜ እያየሁ በደብተሩ «ሩቅ» ብዬ ጻፍኩ። ደላላው ከብሎኩ ሥር በሁለት እጁ ሁለት ስልክ ይዞ ሲጠብቀን ነበር።

«ፋዘር፣ እንዲህ ያለ ግራውንድ አባዶን ቢያስሱ አያገኙም! ማዘር፣ ይግቡ፣ ይግቡ፣ ደረጃ የለም፤ ሜዳ ነው እኮ!»

ባለ ዕጣዋ ነጋዴ ሴት ነበረች፤ በሩ ላይ እጇን አጣምራ ቆማ ታየናለች። ቤቱ ሊሾና ግድግዳ ብቻ ነበር። ባለቤቴ አንድ የቀለም ባልዲ ገልብጣ ተቀመጠችበትና እግሯን ዘረጋች። እኔ ወደ ጉዳዬ ገባሁ።

«ካርታው በስማቸው ወጥቷል?»

«ይወጣል ፋዘር፣ ይወጣል። እስከዚያ ውክልና ትሰጥዎታለች። ሰፈሩ ሁሉ እንደዚያ ነው የገዛው።»

«ውክልና ሰጪው ሲሞት ውክልናውም ይሞታል» አልኩት። «ወራሾች መጥተው ቤታችን ነው ቢሉ፣ በእጄ የሚቀረው ወረቀት ነው።»

«እሷ?» አለ ደላላው፤ ሴትዮዋን ከእግር እስከ ራሷ በእጁ እያሳየ። «ፋዘር፣ ይዩዋት እንጂ! እኔንም እርስዎንም ቀብራ ነው የምትሞተው!»

«አንተን በደስታ እቀብርሃለሁ» አለች ሴትዮዋ። «እሳቸው ግን ምን አደረጉኝ?»

ሁላችንም ሣቅን። ባለቤቴ ግን አጠገባችን አልነበረችም። ከባልዲው ተነሥታ ወደ ውጭ ወጣች፤ ተመልሳ ገባች፤ እንደገና ወጣች። ሦስት ጊዜ እንዲህ አደረገች፤ ግድግዳም ሳትይዝ፣ ክንድም ሳትፈልግ። በሦስተኛው ወጥታ ማዶ ልብስ ከምታሰጣ ሴት ጋር ስታወራ ቆየች። ስትመለስ ጆሮዬ ሥር፣

«እድር አላቸው። ድንኳኑም የራሳቸው ነው አለችኝ» አለች።

እኔ በዚያ ሰዓት «ውክልና፦ ትልቅ አደጋ» እያልኩ እጽፍ ነበር።

አራተኛው መንገድ በወረቀት ላይ ያለ ቤት ነው። ሕንፃው ገና ጉድጓድ ሳለ ውል ይፈርማሉ፤ ሥራው ከፍ ባለ ቁጥር ይከፍላሉ፤ ሲያልቅ ይገባሉ። ቦታው ጉራራ ነበር፤ ከቀድሞ ሰፈራችን እምብዛም የማይርቅ፣ እንጦጦን ፊት ለፊት የሚያይ። ወደ ሽያጭ ቢሮው የሄድኩት ከልጃችን ጋር ነው፤ ባለቤቴ የዚያን ዕለት ጉልበቷ አብጦ ቤት ቀረች። በቢሮው መካከል በመስተዋት የተከደነ ትንሽ ሕንፃ፣ በዙሪያው የጥርስ መጎርጎሪያ የሚያካክሉ ዛፎች፣ በዛፎቹ መካከልም የሰው ቅርጾች ነበሩ። ሁሉም ወጣቶች ነበሩ ብዬ አስታውሳለሁ፤ ነገር ግን ይህን ያኔ ልብ ብዬው ይሁን ዛሬ ጨምሬው አላውቅም።

ያስተናገደችን ወጣት ትሑት ነበረች። «አባባ፣ ታችኛዎቹ ለሱቅ የተያዙ ናቸው። ስድስተኛው ላይ ግን አንድ የሚያምር ቤት አለኝ፤ ጠዋት መስኮትዎን ሲከፍቱ እንጦጦ ሙሉ በሙሉ የእርስዎ ነው።»

«ባለቤቴ ደረጃ አትወጣም።»

«ደረጃ ማን ይወጣል አባባ? ሁለት ሊፍት አለው። በሊፍት ቤት ፎቅ ማለት ቁጥር ነው።»

ልጃችንም በዚህኛው ወገን ሆነች። «አባዬ፣ አሁን ሁሉም ሰው እንደዚህ ነው የሚገዛው። ኖርማል ነው። አባዶ ከሄዳችሁ እኔስ በሳምንት ስንቴ እደርስላችኋለሁ?»

ውሉን ለምኜ ወደ ቤት ወሰድኩና ሦስት ቀን አነበብኩት። ያሸነፈኝ ውሉ ነው። ቃላቱ ተተርጉመዋል፤ አንቀጾቹ እርስ በርሳቸው አይጋጩም፤ መዘግየት ቅጣት አለው፤ «ከአቅም በላይ የሆነ ምክንያት» ምን ምን እንደሆነ ተዘርዝሯል። ሰፈሩ ሊፍት የሚለውን ውሉ አሳንሰር ይለዋል፤ አሳንሰሩም «መሣሪያው ወደ አገር ውስጥ እንደገባ» ይገጠማል ይላል። ይህን ሐረግ አስታውሰዋለሁ፤ ምክንያቱም ጥሩ አድርጎ የጻፈውን ሰው በልቤ አመስግኜዋለሁ። ሻጩን በምንም ቀን የማያስር ሐረግ መሆኑን ማየት የነበረበት ሰው ቢኖር እኔ ነበርኩ፤ እንዲህ ያሉትን ሐረጎች ለመንግሥት ስጽፍ ኖሬያለሁ። በአንድ በኩል የነጋዴ ሴት የቃል ተስፋና የሚሞት ውክልና፣ በሌላ በኩል በሥርዓት የተጻፈ ውል። ጥንቃቄ ማለት በደንብ የተጻፈውን ማመን ይመስለኝ ነበር።

ውሳኔውን ያደረግነው አንድ እሑድ ከምሳ በኋላ ነው፤ ሦስታችንም ሳሎን ውስጥ ነበርን። የውክልናውን አደጋ አስረዳሁ፤ የውሉን ጥንካሬ አስረዳሁ፤ ራጉኤል ያለበትን የእንጦጦ ጫፍ ከመኝታዋ ሆና እንደምታይ ነገርኳት። ባለቤቴ፣ «አንተ ያየኸው ይሁን» አለች። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት፣ ለጠየቀኝ ሁሉ፣ «ምርጫውን ለእኔ ተወችው» እል ነበር። በልበ ሙሉነት ነው የምለው። አብረውኝ የኖሩት ትዝታዎች ብዙዎቹ እየደበዘዙ ሲሄዱ ይህኛው ግን እንደ ማኅተም ጥርት ብሎ ነበር፤ እንዲያውም የሚያስጠረጥረኝ ይኸው ጥራቱ መሆን ነበረበት።

ፈረምን። ክረምቱ ወጣ፤ ሕንፃው ግን ከምድር ብዙም አልወጣም። ግቢያችንን ለገዢው አስረከብንና ጎረቤታችን ከኋላ ባሉት ሁለት ክፍል ሰርቪሶቿ አስገባችን። «አጥሩን በመጨረሻ አፈረሳችሁት» እያለች ትስቅብን ነበር። ለጥቂት ወራት ያልነው ዓመታት ሆነ። ከድርጅቱ የሚመጡልኝን ደብዳቤዎች እያነበብኩ ለሁለቱ ሴቶች አስረዳለሁ፤ ሲሚንቶ ጠፋ፣ የውጭ ምንዛሪ የለም፣ እነዚህም በውሉ መሠረት ከአቅም በላይ ናቸው።

«ለማን ነው የምትከራከረው?» አለችኝ ጎረቤታችን አንድ ቀን። «ለእኛ ወይስ ለእነሱ?»

እነዚያ የሰርቪስ ዓመታት ለባለቤቴ ደጎች ነበሩ። እኔ ብቻ ነበርኩ ጊዜያዊ ናቸው ብዬ የምጨነቅባቸው።

በመጨረሻ ቁልፍ ሰጡን፤ ቤቱ ግማሽ ያለቀ ነበር። በሕንፃው ውስጥ ቤት የገዙት ሰዎች ኮሚቴ አቋቁመው በር፣ ቧንቧና መብራት እያሟሉ ይገቡ ጀመር። አሳንሰሩ ሊገባባቸው የተተዉት ሁለቱ ጉድጓዶች በየፎቁ በቆርቆሮ ተከድነዋል። መሣሪያው ወደ አገር ውስጥ አልገባም። ባለቤቴ በገባንበት ቀን ስድስቱን ፎቅ ለመውጣት የፈጀባትን ጊዜ መጻፍ አልፈልግም። ላይ ስትደርስ መስኮቱን ከፈትኩላትና እንጦጦን አሳየኋት። ባሕር ዛፉ፣ በዛፉ መካከል እንጨት የተሸከሙ ሴቶች የሚወርዱበት ቀጭን መንገድ፣ ከሁሉም በላይ ራጉኤል ያለበት ጫፍ። ቤተ ክርስቲያኑ ራሱ ከዚያ አይታይም።

«ያምራል» አለች። ከዚያም አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ጫማዋን ማውለቅ ጀመረች።

መጀመሪያ በሳምንት አንድ ጊዜ ትወርድ ነበር፤ ከዚያ በወር፤ ከዚያ ለሐኪም ብቻ። እድሩን በእሷ ፈንታ ጎረቤታችን ትከፍልላት ነበር። የሁለቱ ወሬ በስልክ ሆነ። ባለቤቴ መስኮቱ ሥር ወንበር አድርጋ ታወራለች፤ ሳቁ አሁንም እስከ እኔ ድረስ ይሰማል፤ በስልክ ግን ይቀጥናል።

አንድ ጠዋት ስልኩ ጮኸ። ጎረቤታችን ሌሊት ዐርፋለች። በቀድሞው ቤታችን ብንሆን ጎሕ ሲቀድ የእድሩን ጡሩንባ እንሰማ ነበር፤ ጡሩንባው ጉራራ ድረስ አይመጣም። የደወለችልን የሟች የወንድም ልጅ ደግሞ በለቅሶ መካከል እኛን ያስታወሰችው ረፍዶ ነው። ቀብሩ ስድስት ሰዓት ነበር።

ባለቤቴ ጥቁሯን ለብሳ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለመውረድ ተነሣች። ቀድሜያት አንድ ደረጃ እየወረድኩ ትከሻዬን ሰጠኋት። በየፎቁ ቆመን ዐረፍን። የሕንፃው ጥበቃ ወደ ላይ ሮጦ መጣና ከሠራተኛ ልጆች ጋር በፕላስቲክ ወንበር ተሸክሞ ሊያወርዳት ለመነ።

«እማማ፣ በአራት ሰው ምንም አይሉም፣ ብድግ አድርገን—»

«ገና አልሞትኩም» አለችው። «ስሞት ታወርዱኛላችሁ።»

ደብሩ ስንደርስ ሰው እየተበተነ ነበር። የእድሩ ሴቶች አዩአትና መንገድ ለቀቁላት፤ ከመካከላቸው አንዷ፣ በክፋት አልነበረም ይመስለኛል፣ «እህቴ፣ ቀረሽ ብለን ነበር» አለቻት። ባለቤቴ አልፋት ሄደች። አፈሩ አጠገብ ቆመች። ከአርባ ዓመት በላይ አብራት ለቅሶ ስትደርስ በኖረችው ሴት ለቅሶ ላይ ባለቤቴ የደረሰችው ሰው ሁሉ ካለቀሰ በኋላ ነው። ድንኳኑ ውስጥ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ተቀመጥን፤ ልጃችን በመኪናዋ አመጣችንና የራሷን ልጆች ከትምህርት ቤት ለማውጣት ተመለሰች።

መውጣት ጀመርን። ሦስተኛው ፎቅ ላይ፣ ቆርቆሮው አጠገብ፣ ባለቤቴ ቁጭ አለች። ደረጃው ላይ ነው የተቀመጠችው፤ ነጠላዋን ከሥሯ ሳታደርግ።

«ትንሽ ዕረፊ» አልኳት።

«አላርፍም። ከዚህ በላይ አልወጣም።»

«ሦስት ፎቅ ነው የቀረን።»

«ለአንተ ሦስት ነው።»

በዚያ ፎቅ የምትኖር አንዲት አራስ በሯን ከፍታ አየችን፤ ሳትጠይቅ ተመልሳ ገባችና ትራስና ሁለት ብርጭቆ ሻይ ይዛ መጣች። ባለቤቴ መረቀቻት። ከዚያ ወደ እኔ ሳትዞር፣

«እኔ መሬት ላይ ያለውን ነበር ያልኩህ» አለች።

«መቼ?»

«ያን እሑድ። ልጅቷ ባለችበት።»

«ያን እሑድ ‹አንተ ያየኸው ይሁን› ነው ያልሽው።»

«እሱንም ብያለሁ። መጀመሪያ ግን መሬት አልኩ።»

ልከራከራት እችል ነበር፤ ልማዴም ነው። ግን ጥቁር ለብሳ ደረጃ ላይ ከተቀመጠች ሴት ጋር ስለ ትዝታ ክርክር አይገጠምም። ደግሞም ደብተሩ ነበር። «ቆይ፣ አመጣዋለሁ» አልኩና ሦስቱን ፎቅ ብቻዬን ወጣሁ። ያኔ ነው ደረጃውን መጀመሪያ የቆጠርኩት፤ ቁጥሩን ግን ላይ ስደርስ ረሳሁት።

ደብተሩን ከድሮ ውሎች ሥር አገኘሁት። የእሑዱ ገጽ በእኔ እጅ ጽሑፍ፣ በዚያ ዘመን ገና ሳይንቀጠቀጥ፣ እንዲህ ይላል፦

«እሷ፦ አባዶ፣ መሬቱ። ምክንያት፦ እግር፤ እድር። እኔ፦ የውክልናውን አደጋ አስረዳሁ። እሷ፦ መሬት። እኔ፦ እንጦጦ የሚታይ መሆኑን፤ የውሉን ሁኔታ። እሷ፦ አንተ ያየኸው ይሁን። ተስማማች።»

«ተስማማች» በሁለት መስመር ተሰምሮበታል።

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። መስኮቱ ክፍት ነበር፤ እንጦጦ እንደ ሁልጊዜው ቆሟል። ደብተሩ ጠፋ ማለት እችል ነበር፤ በስድስት ዓመት ውስጥ ስንት ዕቃ ጠፍቶብናል። ይህን ማሰቤን እዚህ ላይ የምጽፈው ማሰቤን እርግጠኛ ስለሆንኩ ነው። ያሰብኩትም ለአጭር ጊዜ ነበር ማለት እወዳለሁ፤ ግን ስወርድ ሻይዋ ቀዝቅዞ ነበር።

አጠገቧ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። መነጽሬን አደረግሁና ገጹን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሳልዘል አነበብኩላት፤ ሁለቱን መስመሮች ጭምር በጣቴ አሳየኋት። እሷ ሰማችና ጥቂት አሰበች።

«ሁለት ጊዜ ብያለሁ ማለት ነው» አለች። «እኔ አንዴ ብቻ ያልኩ መስሎኝ ነበር።»

ብትቆጣ የሚቀል ይመስለኝ ነበር። ቁጣ ግን አልነበራትም፤ ደክሟት ነበር።

«ሴትዮዋ ሞተች ወይ?» አለችኝ ቆይታ።

«የቷ ሴትዮ?»

«የአባዶዋ። ውክልናዋ ይሞታል ያልካት።»

አላውቅም አልኳት። በእውነትም አላውቅም ነበር። ያችን ሴት በሞት የጠረጠርኳት እኔ ነኝ፤ የሞተችው ግን በሁለት ክፍል ያስጠለለችን ጎረቤታችን ሆነች።

«አሁን የት እንሂድ?» አልኳት። በሕይወታችን ውስጥ ይህን ጥያቄ ጠይቄያት መልሱን ሳልጨምርበት ዝም ያልኩበት ሌላ ጊዜ ካለ አላስታውሰውም።

«ታች» አለች።

አራሷ አልሰማ ብላ እዚያው ሦስተኛው ፎቅ ላይ፣ ሳሎኗ ውስጥ አሳደረችን። በማግሥቱ ልጃችን መጣች፤ ነገሩን ስትሰማ «ኦ ማይ ጋድ፣ አባዬ!» ብላ ጀመረችና የእናቷን ፊት አይታ አቋረጠችው። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «እኔም እኮ እዚያ ነበርኩ» አለች። እሷም ሰምታ ነበር፤ እሷም ረስታዋለች፤ ወይም ሁለታችንም የምንፈልገውን ያህል ብቻ ሰምተናል።

ባለቤቴ ወደ ስድስተኛው ፎቅ አልተመለሰችም። ዕቃውን እኔና ልጃችን አወረድነው። ቤቱን ለሁለት ወጣት ባልና ሚስት አከራየን፤ ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለሉ ይወጡታል፣ መስኮቱንም ይወዱታል። እኛ በዚያው ኪራይ የካ አባዶ ግራውንድ ተከራየን። ዛሬ ቤት ያለን ተከራዮች ነን። በዚህ ዕድሜ በየዓመቱ የኪራይ ውል ማደስ አድካሚ ነው፤ ሚኒባሱም ዛሬም ሩቅ ነው፤ ለሐኪም ስንሄድ ቀኑን ሙሉ ይወስድብናል። ልጃችን በወር አንዴ ትመጣለች። ካርታ በስማቸው ወጥቶላቸው ያለ ችግር የሚኖሩ ጎረቤቶች አሉን፤ በውክልና ገዝተው እስከ ዛሬ ፍርድ ቤት የሚመላለሱም አሉ። ስለዚህ ፍርሃቴ ባዶ ነበር ማለት አልችልም። የፈራሁት ነገር እውነት ነበር፤ የተጠየቅሁት ግን እሱን አልነበረም።

ባለቤቴ ያለንበት ብሎክ ያን ቅዳሜ ያየነው ነው ትላለች። እኔ እርግጠኛ አይደለሁም፤ ብሎኮቹ ይመሳሰላሉ፣ ያን ጊዜ ደግሞ አንገቴን ደብተር ላይ ደፍቼ ነበር። ማዶ ልብስ ታሰጣ የነበረችው ሴት እሷ ናት ብላ አንዲት ጎረቤታችንን ታሳየኛለች። ሴትዮዋም «አዎ፣ አስታውሳችኋለሁ» ትላለች፤ ለሽማግሌ ደስ እንዲለው ብላ ይሁን አይሁን አላውቅም። እኔ በዚህ ጉዳይ መመስከር አቁሜያለሁ።

እንጦጦ ከዚህ አይታይም። ባለፈው መስከረም አንድ ቀን፣ ሁለት ታክሲ ቀይራ ራጉኤል ወጣች፤ ብቻዋን። ስትመለስ ስለ ንግሡ ብዙ አልነገረችኝም፤ አብራት የምትወጣው ሰው የለችም።

የዛሬ ሳምንት ጎሕ ሲቀድ ጡሩንባ ሰማን። ሦስተኛው ብሎክ ውስጥ አንድ አዛውንት ዐርፈዋል። ባለቤቴ ከእኔ ቀድማ ተነሣች። ጥቁሯን ለበሰች፣ ነጠላዋን አዘቀዘቀች፣ ለሐዘንተኞች የምትወስደውን እንጀራ በመሶብ ወርቅ አድርጋ በአንድ እጇ አነሣች። ልከተላት ጫማዬን ስፈልግ፣

«አንተ በኋላ ከወንዶቹ ጋር ትመጣለህ» አለችኝ። «በሩን አትቆልፈው፤ ቁልፍ አልያዝኩም።»

ወጣች። ደፉ ላይ ሳትቆም ተሻገረችው።